የድሬ ፀሐይና ሰማያዊው መብራት፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የድሬ ፀሐይ እያለች ሰማያዊ መብራት ለምን?» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ነገሩ ቢጫ የሆኑ አራስ ሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ስለሚታከሙበት ሰማያዊ መብራት ነው። ለእኔም ከወዲያም ከወዲህም ደርሶኛል። ከላኪዎቹ አንዷ ገና አራስ ናት። «እውነት ነው እንዴ?» ትላለች። ለእሷ ብቻ ከምመልስላት ልጻፈው ብዬ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ከስልክ የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ዓይን ያጠፋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ስለዚህ አራስ ሕፃን ላይ ማብራት ግፍ ነው። ሁለተኛ፣ የሆስፒታሉ መብራት ጨረር ነው፣ ካንሰር ያመጣል። ሦስተኛ፣ ቢጫ ለሆነ ሕፃን ግማሽ ሰዓት የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል፤ እናቶቻችን በዚያው አሳድገውናል። አራተኛ፣ ቢጫነት በራሱ ይጠፋል፣ ሳምንት ጠብቁ። አምስተኛው ላይ ነው ጉዱ። ታይዋን ገበያ ሰማያዊ አምፖል ገዝታችሁ ቤት ብታበሩ ብጉር ያጠፋል፣ ማድያት ያነሳል፣ ድብርት ያባርራል ይላሉ። ሲጀምሩ መርዝ ነው ያሉትን ብርሃን ሲጨርሱ በችርቻሮ አዘዙልን።

ሥራዬ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ነው። ድሬ እኖራለሁ፤ ሥራ ሲኖር ደንገጎን አልፌ ሐረር እወጣለሁ። ሐኪም አይደለሁም። እነዚህን መብራቶች ግን ፈትቼ ገጥሜያቸዋለሁ፣ ለክቻቸዋለሁ፣ አቧራቸውን ጠርጌያለሁ።

ከዓይኑ ልጀምር። ጸሐፊው ሰማያዊ ብርሃንን አንድ ጠባይ እንዳለው ሰው አድርገው ነው የጻፉት። ብርሃን እንዲህ አይሠራም። የሞገዱ ርዝመት ስንት ነው? ጉልበቱስ? ለስንት ሰዓት በራ? ያረፈው ቆዳ ላይ ነው ወይስ ዓይን ላይ? እነዚህ ካልተመለሱ ስለ ጉዳቱም ስለ ጥቅሙም ገና ምንም አልተባለም። የብርጭቆ ውሃም የደቻቱ ጎርፍም ውሃ ናቸው።

ማታ ማታ ስልክ ማየት እንቅልፍ ይነሳል ያሉት ልክ ነው። ዓይናችን ውስጥ ዋና ሥራቸው ማየት ሳይሆን ቀንና ሌሊትን መለየት የሆነ ሕዋሳት አሉ። ሜላኖፕሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይዘዋል። በጣም የሚነቁትም 480 ናኖሜትር (ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ላለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ማታ ይህ ብርሃን ሲያገኛቸው አንጎል ገና አልመሸም ብሎ ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ይቀንሳል። እስከዚህ ተስማምተናል። «ዓይን ያጠፋል» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ ከስክሪን የሚወጣ ብርሃን ዓይን እንደሚጎዳ ማስረጃ የለም ነው የሚለው። ከከዚራ ዛፎች ጥላ ወጣ ብሎ ቀና ያለ ሰው ከሰማዩ የሚያገኘው ሰማያዊ ብርሃን ከስልኩ ከሚመጣው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የሕፃናቱ መብራት ግን እንደ ስልክ ደካማ አይደለም። ኃይለኛ ነው፣ ከሕፃኑም ብዙ አይርቅም። ለዚህም ነው የሕፃኑ ዓይን የሚሸፈነው። ጸሐፊው ይህን ሽፋን አንድም ቦታ አላነሱትም። ሽፋኑ የሚነሳው ልጁ ከመብራቱ ሥር ወጥቶ ጡት ሲጠባ ነው። በስልክ ተናዶ የሆስፒታሉን መብራት መምታት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

«ጨረር ነው፣ ካንሰር ያመጣል» ወደሚለው እንለፍ። ለቢጫነት የሚያገለግለው ብርሃን በዋናነት ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር ያለው ነው። በዓይን የሚታይ ብርሃን ነው። ቆዳ የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ከ400 በታች ነው፤ ራጅ ደግሞ ከዚያም እጅግ ወርዶ። በኤልኢዲ የሚሠሩት አዳዲስ መሣሪያዎች አልትራቫዮሌት የላቸውም ማለት ይቻላል።

ሥራውም ምሥጢር የለውም። ቀይ የደም ሕዋስ ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። የአዋቂ ጉበት ውሃ ውስጥ እንዲሟሟ አድርጎ ያስወግደዋል። የአራስ ልጅ ጉበት ለዚህ ገና አልደረሰም፤ ቢሊሩቢኑ ይጠራቀማል፣ ልጁ ቢጫ ይሆናል። ቢሊሩቢን ቢጫ ሆኖ የሚታየን ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው። መብራቱ ሰማያዊ የሆነውም ለዚሁ ነው። ብርሃኑ ቆዳ ውስጥ ገብቶ የቢሊሩቢኑን ቅርጽ ይቀይረዋል። ቅርጹ የተቀየረው ጉበትን ሳይጠብቅ በሐሞትና በሽንት ይወጣል። ነገሩ ይኸው ነው።

ጉዳት የለውም አላልኩም። ሰገራ ያቀጥናል፣ አንዳንዱ ልጅ ላይ ሽፍታ ያወጣል፣ ውሃም ያሳጣል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ግድ ነው። ካንሰርን በተመለከተ አሜሪካ ውስጥ እጅግ ብዙ ሕፃናትን ያካተቱ ጥናቶች ተሠርተዋል። አደጋው ቢኖር እንኳ በጣም ትንሽ ነው። ሐኪሞቹ ግን ትንሽ ነው ብለው አልናቁትም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 እ.ኤ.አ. መመሪያውን ሲያሻሽል መብራት የሚጀመርበትን የቢሊሩቢን መጠን ከፍ አድርጎታል። ለማያስፈልገው ልጅ አታብሩ ማለት ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት ቢጫ ያለውን ሁሉ መብራት ሥር የሚያስተኛ ሕክምና የለም። የልጁ ዕድሜ በሰዓት ተቆጥሮ፣ ደሙ ተለክቶ፣ ከሠንጠረዥ ጋር ተያይቶ ነው የሚወሰነው።

አሁን ፀሐይዋ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ከሙሉ ውሸት ይልቅ የሚያስቸግረኝም ይኸው ግማሹ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእርግጥ በፀሐይ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር፣ ሮችፎርድ በሚባል ሆስፒታል፣ ጂን ዋርድ የምትባል ነርስ ነበረች። ቀኑ ሞቅ ሲል ጨቅላዎቹን ወደ ግቢው እያወጣች ፀሐይ ታስመታቸው ነበር። አንድ ቀን ሐኪሞቹ ሲዞሩ አንዱን ሕፃን ገልጣ አሳየቻቸው። ሰውነቱ ቢጫነቱ ለቆታል፤ አንዲት ባለ ሦስት ማዕዘን ቦታ ብቻ ቢጫ እንደሆነች ቀርታለች። የአንሶላ ጫፍ የሸፈናት ቦታ ነበረች። በኋላ ደግሞ መስኮት ዳር ፀሐይ ላይ የቆየ የደም ናሙና ሲመረመር ቢሊሩቢኑ ከተጠበቀው በታች ሆኖ ተገኘ። ክሬመር፣ ፔሪማንና ሪቻርድስ የሚባሉ የሆስፒታሉ ሰዎች ነገሩን ተከታትለው በ1958 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት።

ታዲያ እነዚሁ ሰዎች ቀጥለው ምን አደረጉ? ሰማያዊ ፍሎረሰንቶች የተደረደሩበት አልጋ ሠሩ። ፀሐይ መሥራቷን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ማለት ነው። ፀሐይ ትጠልቃለች፣ በደመና ትሸፈናለች፣ ጉልበቷ በየሰዓቱ ይለያያል። ከሰማያዊው ጋር አልትራቫዮሌቱንና ሙቀቱን አብራ ታመጣለች። ቢሊሩቢን ደግሞ ሲመሽ አርፎ አይተኛም። ሕክምናው ሌሊትም ይቀጥላል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል።

«የጠዋት ግማሽ ሰዓት» የሚለውን እስቲ እዚሁ አገራችን ላይ እንየው። ድሬ ላይ የትኛዋ ጠዋት ናት? ሚያዝያና ግንቦት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው ምጣድ ነው። ራቁቱን ፀሐይ ላይ የተኛ የሦስት ቀን ልጅ ቆዳው ይቃጠላል፣ ውሃ ያጣል፤ ውሃ ሲያጣ ደግሞ ቢጫነቱ ይብሳል። ሐረር እንውጣ። ኅዳር ላይ ማለዳ ብርድ ነው። ልጁን ካላወለቁት ብርሃኑ ፊቱን ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ካወለቁት ይበርደዋል። መብራቱ የሚሠራው ልጁ በዳይፐር ብቻ ሆኖ፣ ሙቀቱ እየታየ፣ ለብዙ ሰዓት ስለሚተኛበት ነው። በፎጣ ተጠቅልሎ እናቱ እቅፍ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ የሞቀ ልጅ ሕክምና አገኘ ማለት አይቻልም።

ፀሐይን ለሕክምና ማዋል አይቻልም ግን አላልኩም። ናይጄሪያ ውስጥ ተችሏል። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት አገር ስለሆነ ተመራማሪዎች ለመኪና መስታወት በሚለጠፍ ዓይነት ፊልም ድንኳን መሰል መጠለያ ሠሩ። ፊልሙ አብዛኛውን አልትራቫዮሌትና ሙቀት ይይዛል፣ ሰማያዊውን ያሳልፋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናታቸው እንዳሳየው ይህ የተጣራ ፀሐይ ከሰማያዊው መብራት አላነሰም። ፀሐይ ላለው ለድሬ ሰው ይህ ደስ የሚል ዜና ነው። ልጆቹ ግን መጠለያው ሥር ለሰዓታት ነበር የሚቆዩት፤ ሙቀታቸው እየተለካ፣ ደማቸው እየተመረመረ፣ ባለሙያ አጠገባቸው ሆኖ። ግቢ ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ ከማስተኛት ጋር የሚያገናኘው ፀሐይዋ ብቻ ናት።

«እናቶቻችን አሳድገውናል» የሚለው ሌላ ነገር ነው። እናቶቻችን ልጅ ፀሐይ የሚያሞቁት አጥንቱ እንዲጠነክር ነው፤ ለዚያም ልክ ናቸው። ያ ቫይታሚን ዲ ነው። እሱን የሚሠራው 300 ናኖሜትር አካባቢ ያለው አልትራቫዮሌት ነው እንጂ ሰማያዊው አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በመስኮት መስታወት የገባ ፀሐይ ሰማያዊ ብርሃን አለው፣ ቫይታሚን ዲ ግን አይሠራም። የሆስፒታሉም መብራት እንደዚያው። ጸሐፊው ሁለቱን ደባልቀው አንዱን በሌላው ሊተኩት ነው የሞከሩት።

አንድ ቦታ ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ከጎናቸው ነኝ። «መብራቱ መሥራቱን ማን ያያል?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄያቸው ካሰቡት በላይ ጥልቅ ነው። መብራት ስለበራ ሕክምና አለ ማለት አይደለም። ሰማያዊ ፍሎረሰንት ሲያረጅ ለዓይን ያው ሰማያዊ ነው፣ ጉልበቱ ግን ወርዷል። በዓይን አይለይም። የሚለካ መሣሪያ አለ። ጠንከር ላለ ሕክምና በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር፣ በእያንዳንዱ ናኖሜትር ቢያንስ 30 ማይክሮዋት ማሳየት አለበት። መብራቱ ከልጁ ራቅ ሲል ቁጥሩ ይወርዳል፣ አቧራ ሲይዝ ይወርዳል። ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ የተቃጠሉት ሰማያዊ ፍሎረሰንቶች በተራ የቤት ነጭ ፍሎረሰንት ተተክተው አግኝቻለሁ። ክፍሉ በደንብ ይታያል፣ ልጁ ግን የሚገባውን አያገኝም። ክፉ አስቦ ያደረገው ሰው የለም፤ መለዋወጫ ጠፍቶ ነው። የቁጥር መዝገብ ስላልነበረ ማንም አላወቀም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ «መብራቱ መጨረሻ የተለካው መቼ ነው?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ነውር የለውም። እንዲያውም እኛን ጥገና ክፍል ያሉትን ይጠቅመናል፤ ወላጅ የጠየቀው ነገር ቶሎ ይፈጸማል። ደም ሲቀዳ መብራቱ ይጠፋ እንደሆነም ተመልከቱ። ናሙናው ብርሃን ካገኘው ቢሊሩቢኑ ቱቦው ውስጥ እያለ ይቀንስና ውጤቱ ያታልላል። መስኮት ዳር የቆየችውን የሮችፎርዷን ናሙና አስታውሱ።

ወደ አምፖሎቹ ልምጣ። ሰማያዊ ብርሃን ከቢጫነት ሌላ የሕክምና ጥቅም የለውም አልልም። የጥርስ ሐኪም ሙሌቱን የሚያደርቀው በሰማያዊ ብርሃን ነው። ዓይን ሲጫር ሐኪሙ ቀለም ጠብ አድርጎ በሰማያዊ ብርሃን ሲያየው ጭረቱ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። የሽንት ፊኛ ካንሰርንም ልዩ መድኃኒት ከገባ በኋላ በሰማያዊ ብርሃን ቀልቶ ያዩታል። ፀሐይ ለጎዳው ቆዳም በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የፈቀደችው ቅባትና ሰማያዊ ብርሃን የተጣመሩበት ሕክምና አለ። ሁሉም ጋ ግን ሞገዱም ጊዜውም ልክ አለው፣ የሚያበራውም ባለሙያ ነው።

ብጉርስ? 415 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ብርሃን የብጉር ባክቴሪያ ውስጥ ያለውን ፖርፊሪን የሚባል ነገር ቀስቅሶ ባክቴሪያውን ይጎዳዋል። ይህ እውነት ነው። ለአንዳንዱ ሰው ያግዛል፤ ማስረጃው ግን ጠንካራ የሚባል አይደለም። የሠርግ ቤት ማድመቂያ አምፖል ደግሞ ያንን ሞገድ በሚፈለገው ጉልበት ለመስጠት አልተሠራም።

ማድያትን ያነሳል ማለታቸው ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የሚታየው ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ወገኑ፣ እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቀለም ያበዛል። ነጣ ካለ ቆዳ ይልቅ እኛ ላይ ይብሳል። የቆዳ ሐኪሞች ማድያት ላለባት ሴት ብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ የሚያዙት ይህንን ብርሃን ለመከልከል ነው። በዚህ ምክር ገንዘቧን አውጥታ ማድያቷን የምታጠቁር እህት እንዳትኖር።

ድብርቱ ላይ ብዙ አልቆይም። በክረምት ቀኑ በጣም የሚያጥርባቸው አገሮች ላይ የሚከሰት ድብርት አለ፤ ለእሱም 10,000 ሉክስ (የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው) የሚሰጥ ነጭ መብራት ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊት ይበራል። አቦ፣ ድሬ ላይ የብርሃን እጥረት አለ ብሎ አምፖል የሚያሻሽጥ ሰው ድፍረቱ ይገርመኛል። ቀልዱን ትተን፣ ባይፖላር የሚባለው ስሜት ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም ያለበት ሰው ያለ ሐኪም እንዲህ ያለ መብራት ቢጀምር ወደ ማኒያ፣ ማለትም ከልክ ወዳለፈ መነሳሳት፣ ሊወስደው ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ጀርም መግደያ የሆኑት የአልትራቫዮሌት አምፖሎች ሲበሩ ሰማያዊ ይመስላሉ። ዋናው ብርሃናቸው 254 ናኖሜትር ላይ ነው፣ ዓይን አያየውም። እሱን ለሰማያዊ መብራት ብሎ ቤቱ ያበራ ሰው ከሰዓታት በኋላ ያለ መከላከያ ሲበይድ እንደዋለ ብየዳ ሠራተኛ ዓይኑ ይቃጠላል። አራስ ላይ ሲበራ ደግሞ አስቡት። ደህናው ሰማያዊ አምፖልም ቢሆን ሌላ ተንኮል አለው፦ ሰማያዊ ብርሃን ሥር ቢጫ ቆዳ ቢጫ መሆኑ አይታይም። እናት ልጄ ተሻለው ብላ ትተኛለች።

አራተኛውን ነጥብ ሆን ብዬ ነው ለመጨረሻ ያቆየሁት። «በራሱ ይጠፋል፣ ሳምንት ጠብቁ።» ለአብዛኛው ልጅ በራሱ ይጠፋል፤ ይህ አይካድም። ወራቸውን ጨርሰው ከተወለዱት ከመቶ 60 ያህሉ፣ ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱት ደግሞ 80 ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ። አብዛኞቹ ጡት እየጠቡ ያልፋቸዋል። ችግሩ የማያልፋቸው የትኞቹ እንደሆኑ እቤት ተቀምጦ አለመታወቁ ነው። ቢሊሩቢን ከልክ ሲያልፍ አንጎል ውስጥ ይገባል። ሐኪሞቹ ከርኒክተረስ ይሉታል። ልጁ ከሞት ቢተርፍ እንኳ ጆሮው ላይሰማ፣ እጅና እግሩ ላይታዘዘው ይችላል። ይህ ጉዳት አይመለስም። ለመድረስም ሳምንት አይፈጅም፤ ቀናት ይበቁታል።

በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ ልጅ በፍጹም አይጠበቅም። ምናልባት ሾተላይ ነው። የእናትየው ደም ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ የልጁ ደም እየፈረሰ ሊሆን ይችላል። ሰውነቷ የልጁን ደም መዋጋት ገና ላልጀመረ እናት ለቀጣዩ ልጅ መከላከያ መርፌ አለ፤ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው የሚሰጠው። «ሳምንት ጠብቁ» የተባለች እናት እሱም ያልፋታል።

ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆችም አሉ። የእነሱ ደም በትንሽ ነገር ይፈርሳል። ሂና የተቀባ አራስ፣ ናፍታሊን ከተቀመጠበት ሻንጣ የወጣ ልብስ የለበሰ አራስ በአንድ ሌሊት ክፉኛ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ድሬና ሐረር ላይ ሂና የደስታ ነገር ነው፤ እናትየው ትቀባ፣ ልጁ ግን ይቆየው። ልብሱም ታጥቦ ይሰጣ።

ደግሞ የኛ አራስ ቤት ጨለም ይላል፣ መጋረጃው ወርዶ ነው የሚውለው። የልጁም ቆዳ ጠይም ሊሆን ይችላል። እዚያ ውስጥ ቢጫነት አይታይም። ልጁን በቀን መስኮት አጠገብ አምጥታችሁ የዓይኑን ነጭና ድዱን እዩ። ጠይም ልጅ ላይ ቆዳ ብቻ አይታመንም፤ ከተጠራጠራችሁ ደሙ ይለካ። የስኳር ውሃም ቅቤም አይጠቅመውም፤ የእናቱ ጡት በቀን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ነው የሚጠቅመው።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ስለ ስልኩም ስለ አምፖሉም ገና እንከራከራለን፣ ጊዜ አለን። «ሳምንት ጠብቁ» የምትለዋን መስመር ግን ያውጧት። በቦታዋ «በመጀመሪያው ቀን ቢጫ የሆነ፣ መጥባት የተወ፣ ለመቀስቀስ ያስቸገረ ሕፃን ዛሬውኑ ጤና ተቋም ይሂድ» ብለው ይጻፉልን። ጽሑፋቸውን ያሠራጩት ሰዎች እርማቱንም ያሠራጩታል፤ እኔም ለደረሰኝ ሁሉ እልከዋለሁ።